ለክረምት የሚቀር የንብ ስንቅ



ግንቦት ሲጋመስ የደጋውና የወይና ደጋው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ክረምት ይመልሳል። ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን ያያል፤ አባወራው የቤቱን ክዳን ያረጋግጣል፤ እመቤቲቱ ደግሞ ጎተራውን ከፍታ የቀረውን እህል በዐይኗ ትሰፍራለች። ሐምሌን በብጣሪ፣ ነሐሴን በእንጥርጣሪ የሚለው የአባቶች አነጋገር የመጣው ከዚሁ ጭንቀት ነው። ሰው በክረምት ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ካላሰበ፣ ደመናው ከወረደ በኋላ የሚያስበው ሐሳብ አይረባውም። በዚህ ወር ከጣሪያችን ሥር ወይም ከጓሯችን ዛፍ ላይ ሆኖ የክረምቱን ስንቅ እንደኛው የሚቆጥር ሌላ ቤተ ሰብ አለ፤ እርሱም የንብ ቤተ ሰብ ነው። ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው ስለ እነዚሁ ጎረቤቶቻችን ሲሆን፣ ማር ከሚቆረጥበት ምሽት ጀምሮ ቀፎው ለዝናሙ እስኪሰናዳ ድረስ ባለቤቱ ሊሠራው የሚገባውን በተራ እናመለክታለን።

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ማር የሚቆረጥበት ወራት ሁለት ነው። ዋነኛው ዝናሙ ከቆመ፣ አደዩ ሜዳውን ካለበሰው፣ ኑጉም ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣው ነው። አነስተኛው ደግሞ የበልጉ ዝናም የነካቸው ዛፎች፣ እነ ብሳና፣ እነ ገተም፣ እነ ግራር ካበቡ በኋላ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ የሚደርሰው ነው። የጥቅምቱን ማር የቆረጠ ሰው ቢሳሳት፣ በሜዳው ላይ የቀረው አበባ ስሕተቱን ጥቂት ይሸፍንለት ይሆናል። የግንቦቱን ማር የቆረጠ ሰው ግን የሚሸፍንለት የለም፤ ከቢላዋው በኋላ የሚመጣው ዝናም ነውና። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ንብ ለመብረር የምትችልበት ሰዓት በጣም ጥቂት ነው። በደመናና በብርድ ቀን ከደጇ አትወጣም፤ ብትወጣም አበባው በዝናም የታጠበ ስለሆነ ባዶዋን ትመለሳለች።

ስለ ንብ የተጻፉትን የውጭ አገር መጻሕፍት ያነበበ ሰው በዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። የአውሮፓ ሰዎች ክረምት ብለው የሚጠሩት የበረዶውን ወራት ነው፤ ማሩንም በበጋቸው መጨረሻ ቆርጠው፣ ለንቦቹ የስኳር ውሃ አጠጥተው፣ ብርዱ ሳይገባ ቀፎውን ይዘጋሉ። የእኛ ንብ የምታውቀው ግን ሁለት የረኀብ ወራት ነው፤ አንደኛው ክረምቱ ሲሆን ሁለተኛው በብዙ ቦታ ከጥር ወዲህ የሚመጣው ደረቁ ወራት ነው። ከዚህም ሌላ የአፍሪካ ንብ ከአውሮፓዋ ንብ የምትለይበት አንድ ጠባይ አላት፤ ይኸውም ረኀብ ወይም ሁከት ሲጸናባት ቀፎዋን ትታ መሰደዷ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ማንበብ መልካም ነው፤ የወሩን ስም ግን ከገዛ ሰማያችን ማንበብ ይገባል።

ይህን የምንናገረው ከሌላ ሰው ስሕተት ተምረን አይደለም። ዛሬ 11 ዓመት ይሆናል፤ በሸዋ ወይና ደጋ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንደኛዋ እናስተምር በነበረ ጊዜ፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት በጎረቤታችን ይኖሩ ነበር። ከቤታቸው ክዳን ሥር ሦስት ቀፎ ነበራቸው። ከማሩ የሚበዛውን ሸጠው በ6ኛ ክፍል ለሚማረው ልጃቸው ልብስና ደብተር ይገዙበታል፤ ሰሙን ደግሞ ለጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። በዚያ ዓመት ማር ይቆርጡላቸው የነበሩት ዘመዳቸው ስለ ታመሙ እኛን ለመኑን። እኛም የጥቂት ቀን ትምህርት ስለ ወሰድንና አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ስለ ነበረን፣ ሥራውን በደስታ፣ እውነቱን ለመናገር በትዕቢትም ጭምር ተቀበልን።

በግንቦት መጨረሻ ምሽት ሦስቱንም ቀፎ ከፍተን እንጀራውን ከጀርባ እስከ ደጁ ቆረጥነው። ከእጩ ሠፈር ላይ የነበረውን ማር ሳይቀር ወሰድን። ሁለት እንስራ ሞላ፤ ደስም አለን። እናቲቱ ኩራዙን እንደ ያዙ ወደ ቀፎው ውስጥ ተመለከቱና፣ «መምህር፣ ለባለቤቶቹስ ምን አስቀሩላቸው?» ብለው ጠየቁን። እኛም መጽሐፉ ስኳር ይሰጣቸው እንደሚል፣ በሳምንቱም ስኳር ይዘን እንደምንመጣ ነገርናቸው። እርሳቸው ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ቢላዋውን ተቀብለው ሊያጥቡት ገቡ።

ሳምንቱ አለፈ፤ ፈተና መጣ፤ የፈተናው እርማት ተከተለ። ስኳር ልንገዛ በወጣን ጊዜ ከሱቁ ጠፍቶ ነበር፤ ኋላም መንገዱ ጨቀየና ነገሩን እየዋለ እያደረ ተውነው። በጾመ ፍልሰታ አንድ ቀን ጧት ልጁ ከቅዳሴ መልስ መጥቶ፣ «መምህር፣ ቀፎው ዝም ብሏል፤ እናቴ ይምጡ ብላለች» አለን። ሄደን ከፈትነው። ከአንደኛው ቀፎ ንቦቹ ተሰደው ባዶውን ትተውታል። በሁለተኛው ውስጥ ራሳቸውን በባዶው የእንጀራ ዐይን እንደ ቀበሩ ሞተው አገኘናቸው፤ በረኀብ የሚሞቱ ንቦች የመጨረሻይቱን ጠብታ ሲፈልጉ የሚሞቱት እንዲህ ነው። በሦስተኛው እፍኝ የማይሞላ ቀርቶ ነበር። እናቲቱ አልወቀሱንም፤ ለበጎ ብለን እንዳደረግነው ተናግረው አጽናኑን። በመስከረም ግን ልጁ የዓምናውን ደብተር ይዞ መጥቶ በገጾቹ ኅዳግ ላይ ሲጽፍ አየነው። ደብተር ገዝተን ሰጠነው፤ እናቱም አመስግነው ተቀበሉ። ነገር ግን ደብተር የሚገዛ መምህር በየዓመቱ እንደማይገኝ፣ ንብ ግን በየዓመቱ ትገኝ እንደ ነበረ ልባችን አልዘነጋውም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የያዝነው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ማር ሲቆረጥ አስቀድሞ የሚሰፈረው የንቦቹ ድርሻ ነው፤ ለሰው የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። ቀጥሎ የምንዘረዝረው ሥራ ሁሉ ከዚህ ደንብ የሚወጣ ነው።

አስቀድሞ ማሩ መድረሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ወለላ የሚበዛው ውሃ ነው። በእንጀራው ዐይን ካፈሰሰችው በኋላ በክንፏ እያራገበች ታደርቀዋለች፤ ሲበቃም በቀጭን ሰም ትከድነዋለች። ስለዚህ ክዳኑ የመብሰሉ ማኅተም ነው። ከአንድ እንጀራ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ሳይከደን የተቆረጠ እንደሆነ ማሩ ጥሬ ነው። ማር በውስጡ ያለው ውሃ ከ100 እጅ 20 እጅ ገደማ ካለፈ በክረምቱ እርጥበት ይቦካል፤ በገንቦው ውስጥም አረፋ ያወጣል። ጎረቤት ቆረጠ ተብሎ አብሮ መቁረጥ፣ ወይም ነጋዴ መጣ ተብሎ መቻኮል የማሩንም የባለቤቱንም ስም ያጠፋል።

የሚቆረጥበት ሰዓት ፀሐይ ከገባች በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ በቀን የተከፈተ ቀፎ ንቦቹን ያስቈጣል፤ ሕፃናትንና ከብቶችንም አደጋ ላይ ይጥላል። በሰፈሩ ያሉት ሰዎች አስቀድመው ይነገራቸው፤ የታሰሩ ከብቶችና ውሾች ይራቁ። ለጢሱ ደረቅ ኩበት መልካም ነው፤ ጢሱ ቀዝቃዛና ነጭ እንዲሆን እንጂ ነበልባል ያለበት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ብዙ ጢስ የማሩን ሽታ ያበላሻል፤ ስለዚህ ጥቂት ነፍቶ፣ ጥቂት ታግሦ፣ ደግሞ ጥቂት መንፋት ይሻላል። በችቦ እሳት ንብን መለብለብ ግን በምንም ምክንያት ሊደረግ አይገባም። የተቃጠለችው ንብ ዛሬ ባትቃጠል ኖሮ ነገ እጩን የምትመግበው ናት። አንዲት ሠራተኛ ንብ በሥራ ወራት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በዚያም ዕድሜዋ የምታዘጋጀው ማር አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ባለ ብዙ እጅ የሆነችው በመተባበሯ እንጂ በየራሷ በርትታ አይደለም።

ቢላዋው የት ላይ ይቁም? የሣጥን ቀፎ ወደ አገራችን ከገባና በሆለታ የንብ ሥራ ማሳያ ጣቢያ ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም አብዛኛው ንብ ዛሬም የሚኖረው በአባቶቻችን ቀፎ ውስጥ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። በረዥሙ ቀፎ ውስጥ ንቦቹ እጩን የሚያሳድጉት ወደ ደጃቸው ቀርበው ነው፤ ማሩን የሚያከማቹት ወደ ጀርባ ነው። ስለዚህ ከጀርባው ከፍቶ የተከደነውን ማር አንድ በአንድ እየቆረጡ መሄድና፣ እጭ ያለበት እንጀራ ከመድረሱ በፊት ማቆም ያስፈልጋል። ከእጩ ጎን ያሉት የማር እንጀራዎች ለንቦቹ ይቅሩ። በግንቦቱ ቆረጣ በቀፎው ካለው ማር ከግማሽ የማይበልጥ እንወስዳለን፤ ቀፎው ቀለል ያለ እንደሆነ ደግሞ ምንም ሳንነካ እንዘጋዋለን። ከእንዲህ ያለ ቀፎ በዓመት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ኪሎ ማስቀረት ለባለቤቱ ከባድ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን ያን ሁለት ኪሎ ያላስቀረ ሰው በጥቅምት የሚቆርጠው ማር ላይኖረው ይችላል። በሣጥን ቀፎ ደንቡ ይቀላል፤ ከላይኛው የማር ክፍል ብቻ ይወሰድ፤ በታችኛው የእጭ ክፍል ያለው ማር አይነካ።

በቆረጣው ጊዜ እግረ መንገድን ሌላም ሥራ ይሠራል። ከእርጅና የተነሣ የጠቆረና ዐይኑ የጠበበ እንጀራ፣ እጭም ማርም ከሌለበት፣ ተቆርጦ ይውጣ፤ የሰም ትል የሚባለው የእሳት እራት ልጅ የሚወደው እርሱን ነውና። እጭ ያለበትን እንጀራ ግን ከማሩ ጋር ቀላቅሎ መጭመቅ ነውርም ጥፋትም ነው። ማሩ ይጎመዝዛል፤ ከዚህም በላይ የክረምቱን ሠራተኛ ሳይወለድ መግደል ይሆናል።

ቀፎው እንደ ተዘጋ በዙሪያው የፈሰሰው ማር በውሃ ታጥቦ፣ የእንጀራው ቍርጥራጭ ተለቅሞ ሊነሣ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ሌሎች ንቦች ሽታውን ተከትለው ለዝርፊያ ይመጣሉ፤ ደካማውም ቀፎ በጠንካራው ይመዘበራል። ጉንዳንም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጉንዳን በሌሊት የገባበት ቀፎ ደግሞ እስከ ጧት የሚቆይ አይደለም።

ወደ ቤት የገባውን ማር በንጹሕና በደረቅ ዕቃ፣ ክዳኑ በሚገጥም፣ ከጢስና ከእርጥበት በራቀ ቦታ ማስቀመጥ ያሻል። ማር ከአየሩ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ገንቦ በነሐሴ ይቦካል። ማር ረጋ፣ እንደ ስኳርም ፈተለ ብሎ ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለት ስሕተት ነው፤ ብዙ ንጹሕ ማር ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ወለላ እንዲሆን የፈለገ ሰው ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቆየው እንጂ በእሳት ላይ አይጣደው። እናቶችም አንድ ነገር እንዲያስታውሱ እንለምናለን። ማር ለአዋቂ መልካም ምግብ ሲሆን፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጣት ጫፍ እንኳ አይሰጥ፤ ለአዋቂ የማይጎዳው ረቂቅ ነገር በሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያፈራ እንደሚችል የሕክምና ዐዋቂዎች አረጋግጠዋል።

ሰሙም የሚጣል አይደለም። ማሩ የተንጠፈጠፈለት እንጀራ ከጠጅ ከወጣው ሰፈፍ ጋር በውሃ ውስጥ ተደርጎ በዝግታ ይሞቅ። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሙቀት ላይ ስለሆነ ውሃው እስኪፈላ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ሰም ደግሞ ተቀጣጥሎ ቤት ያቃጥላል። ከቀለጠ በኋላ በጨርቅ ተጠልሎ ሲቀዘቅዝ ንጹሑ ሰም ከላይ ይረጋል። በጧፍነት በመቅደስ የሚበራው ይኸው ነው። በሌሊት ጸሎት ጊዜ ጧፍ ስናበራ የስንት ሺህ ንብ ድካም በእጃችን እንዳለ ብናስብ፣ ቀፎውንም ሳናዝንለት አንዘርፈውም ነበር።

አሁን ወደ ቀፎው ማደሪያ እንለፍ። ንቦች የእጩን ሠፈር 35 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይጠብቁታል፤ ማገዶአቸውም ማሩ ነው። ቀፎው የሚያፈስ፣ ነፋስ የሚያስገባ፣ ወይም ከቁጥራቸው በላይ የሰፋ እንደሆነ ያን ሙቀት ለመጠበቅ ማሩን በቶሎ ይጨርሱታል። ስለዚህ ክዳን መሥራት ማር ማስቀረት ማለት ነው። የቀፎው ስንጥቅ በእበትና በጭቃ ይመረግ፤ በላዩም ወፍራም የሣር ክዳን ይደረግለት፤ ክዳኑ ከደጁ በላይ ወጣ ብሎ ዝናሙን ይመልስ። ቀፎው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ወደ ደጁም በኩል ጥቂት ዘንበል ይበል፤ በውስጡ የሚጠራቀመው ላብና ውሃ ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው። ደጁ ሁለት ሦስት ንብ ጎን ለጎን በምታልፍበት መጠን ይጥበብ። በሣጥን ቀፎም ንብ ያልያዘው የላይኛው ክፍል ይነሣ፤ ባዶ አዳራሽ ማሞቅ ለማንም አይጠቅምምና።

በቀፎው ዙሪያ ያለው ሣር ይታጨድ፤ በቀፎው ላይ የተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፤ ጉንዳን በድልድይ እንዳይሻገር ነው። በመቆሚያው እግር ዙሪያ አመድ ይበተን፤ አመዱ ግን ዝናም በመታው ቍጥር ስለሚታጠብ ይታደስ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት በእግሩ ላይ መቀባትም ይረዳል። ሸረሪት፣ እንሽላሊትና የቀፎ ጥንዚዛ የሚሸሸጉበት ቈሻሻ ከሥሩ ይጠረግ።

በጣም የደከመ፣ ንቡ ያነሰ ቀፎ ብቻውን ክረምትን አይሻገርም። በሣጥን ቀፎ የሚሠራ ሰው ሁለቱን ደካሞች ከሰኔ በፊት አንድ ቢያደርጋቸው ሁለቱንም ከማጣት ይድናል። ነገር ግን የደከሙት በረኀብ ነው ወይስ በበሽታ የሚለው አስቀድሞ ይመርመር፤ የታመመውን ከጤነኛው መቀላቀል በሽታን ማካፈል ነው።

ስለ መመገብም እንናገር። ምግብ መስጠት ማር ማስቀረትን የሚተካ ሳይሆን፣ ማሩ ሳይበቃ በቀረ ጊዜ የሚደረግ እርዳታ ነው። የቀፎው ጀርባ በእጅ ከፍ ተደርጎ ሲመዘን ቀሎ ከተገኘ ንቦቹ ሳይደክሙ ይመገቡ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለስንቅ የሚሰጠው ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ የሟሟ ነው፤ ወደ ጳጉሜን ገደማ፣ አበባው ሲቃረብ፣ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣሏን እንድታበረታ የሚሰጠው ደግሞ እኩል ስኳርና ውሃ ነው። ምግቡ ወደ ማታ በቀፎው ውስጥ ይቀመጥ፤ ንቦቹ እንዳይሰጥሙም በላዩ ጭድ ወይም ስንጥር ይደረግበት። በውጭ የተቀመጠ ስኳር ዝርፊያ ይጠራል። እጩን ለማሳደግ የአበባ ዱቄት በጠፋ ጊዜም አናቢዎቻችን በሶ ወይም የሽምብራ ዱቄት ይሰጣሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ብቻ ለወጥ የተዘጋጀው፣ በርበሬና ቅመም የገባበት ሽሮ እንዳይሆን! ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ማር ለንብ መስጠትም የሌላውን ቀፎ በሽታ ማስገባት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ሥራ መተው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቀፎ መክፈት ሙቀቱን ማባከንና ንቦቹን ለስደት ማነሣሣት ነው። ባለቤቱ በሳምንት አንድ ቀን ከደጁ አጠገብ ቆሞ ይመልከት፤ ጆሮውን ወደ ቀፎው አስጠግቶ ያዳምጥ። ዝግተኛና የተስተካከለ ድምፅ የጤና ነው። ዝናሙ ባባራ ጊዜ ጥቂት ንቦች ወጥተው ከተመለሱ ደኅና ናቸው። ከደጁ ሥር የሞቱ ንቦች በብዛት ከተገኙ ግን ምክንያቱ ይፈለግ፤ ብዙ ጊዜም መልሱ የሚገኘው በእርሻው ነው። በዘመናችን በአዝመራ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይና ፀረ አረም መድኃኒት ንብን እንደሚፈጅ ብዙ ገበሬዎች በሐዘን አይተዋል። ስለዚህ ባለ ንቡና ባለ እርሻው አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ግድ ሆኖ የሚረጭ ከሆነም አበባ ባልያዘበት ጊዜና ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ወደ ማታ ይረጭ። ጎረቤትን በመልካም ቃል መለመን ከቀፎ ክዳን ያላነሰ ጥበቃ ነው።

በምሳሌ መጽሐፍ ሰነፍ ከጉንዳን እንዲማር መታዘዙን ሁላችን እናውቃለን። የሰባው ሊቃናት ትርጓሜ ግን በዚያው ስፍራ ከጉንዳን ቀጥሎ ንብን አስተማሪ አድርጎ ያቆማታል። ስለ ቅዱስ ላሊበላ የሚነገረውም የታወቀ ነው፤ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት እንደ ነበረና ስሙም ከዚያ እንደ ወጣ አባቶች ሲናገሩ ኖረዋል። የዕረፍቱ መታሰቢያ የሚውለው በሰኔ 12 ቀን፣ ይህ የቀፎ ሥራ ሁሉ ተጠናቆ ሊያልቅ በሚገባበት ሰሞን ነው። እኛም ከዚያ ከጠፋው ክረምት ወዲህ ይህን በዓል እንደ ቀጠሮ ይዘነዋል፤ ከሰኔ 12 በኋላ በእጃችን ቢላዋ አይገኝም።

የዚያችን እናት ነገር ሳንጨርስ አንለያችሁ። በተከታዩ ጥቅምት ከገዛ ቀፏችን የወጣውን መንጋ ወስደን በባዶው ቀፏቸው አሰፈርንላቸው፤ ካሣ ብለን አልተናገርንም፣ እርሳቸውም አልጠየቁን። ዛሬ አምስት ቀፎ አላቸው። በየዓመቱ በግንቦት ምሽት ስንሰበሰብ ማሩን የሚቆርጠው ያ ልጃቸው ነው፤ ኩራዙን የምንይዘው እኛ ነን። እናቲቱ ቀርበው እጃቸውን በእንጀራው ላይ ያኖሩና፣ «እስከዚህ የእኛ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የነሱ ነው» ይላሉ። ልጁም ቢላዋውን ከእጃቸው ጣት ላይ ሲደርስ ያቆማል። እኛ በመጽሐፍ ያጣነውን ልክ እርሳቸው በመዳፋቸው ያውቁት ነበር።

እናንተም፣ ክቡራን አንባብያን፣ ሰኔ ሳይገባ ወደ ቀፏችሁ ሂዱ፤ የጀርባውን ክብደት በእጃችሁ መዝኑ፤ ክዳኑን አስተካክሉ፤ የጎረቤቶቻችሁንም ድርሻ ቍጠሩላቸው። በመስከረም አደዩ ሲፈነዳ ከቀፎው ደጅ የሚሰማው ድምፅ ዋጋችሁን ይነግራችኋል።